በሞፈር የተጠገነችው ፒክአፕ

ባሕር ዳር፣ ማለዳ

በጥቅምት አንድ ረቡዕ ማለዳ ከባሕር ዳር የተነሣሁት የሞተች መኪና መሞቷን ላስመሰክር ነው። አትሳቁብኝ። መኪናዋ የባለቤቴ የአስማረ ናት፤ ሰማያዊ ፒክአፕ፣ ወረታና ይፋግ ገበያ ሰውና እህል እያመላለሰች እኛንና ሦስት ልጆቻችንን የምታበላ። በነሐሴ ዝናብ፣ ወረታን አልፎ ርብ ድልድይ ሳይደርስ፣ ከመንገድ ተንሸራታ ጎርፍ የተኛበት እርሻ ውስጥ ተገለበጠች። ባዶዋን ነበረች፣ እግዜር ይመስገን። አስማረ ግን እግሩ ተሰበረ፣ ጭንቅላቱንም ተመታ።

ሆስፒታል ስደርስ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሻንሲዋ ለሁለት ተቆርጧል፤ በዓይኔ አይቻለሁ።» ሻንሲ መኪናን ከሥር ተሸክሞ የሚያቆማት የብረት አከርካሪ ነው፤ እሱ ከተቆረጠ መኪና የለም ማለት ነው። የመድን ገማቹ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሄዶ አየና «ሻንሲው ደህና ነው፣ መኪናዋ ትጠገናለች» ብሎ ጻፈ። ለጥገና የተቆረጠልን ገንዘብ ጎማ ቢገዛ ነው! ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ፣ የገዛ ወንድሙ ሳይቀር፣ አስማረን ጭንቅላቱን ተመትቶ የሚቃዥ ሰው አደረገው። እሱም መናገር ተወ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል።

እኔ ግን ዝም የምል ሴት አይደለሁም። የመድን ቤቱን ደጅ እስኪሰለቹኝ ጠናሁ። በመጨረሻ ኃላፊው፣ ከእኔ ለመገላገል ይመስለኛል፣ ገማቹ አብሮኝ ሄዶ ደግሞ እንዲያይ አዘዘ።

ገማቹ አቶ ተካልኝ ይባላል። ቀጭን፣ በጠራራ ፀሐይ ጥቁር ጃንጥላ የማይለየው፣ ለሰላምታ እንኳ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። አውቶቡስ ተራ ሲያገኘኝ «ያየሁትን ነው የጻፍኩት» አለኝ፤ እንደምን አደሩ ከማለቱ በፊት። «እንደምን አደሩ» አልኩት እኔ።

የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ኬላ ላይ ወረድን። ያኔ በደርግ ዘመን ያለ ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ከከተማ መውጣት አይቻልም። ጠመንጃ ያነገተው ፈታሽ ወረቀቴን አገላብጦ «የጉዞሽ ዓላማ?» አለ።

«መኪና ልቀብር ነው፣ ጓድ።»

አቶ ተካልኝ አመድ መሰለ። ጃንጥላውን ጥሎ «የመድን ሥራ ነው! የመድን ሥራ!» እያለ የራሱን ወረቀት ዘረጋ። ፈታሹ ፈገግ አለና አሳለፈን። ከዚያ እስከ ሐሙሲት አቶ ተካልኝ አላናገረኝም።

ወረታ

መንገዱ ጠጠር ነው፤ አውቶቡሱ ሲንገጫገጭ ጣሪያ ላይ የተጫኑት ዶሮዎች ይጮኻሉ፣ አቧራው በመስኮት ገብቶ ቅንድባችንን አሸበተው። ጉማራን ስንሻገር ውኃው ጎድሎ አገኘነው፤ በነሐሴ ድልድዩን ሊውጥ የደረሰው ወንዝ አሁን ከብት እየጠጣበት በዝግታ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ሜዳ ነው። ቀኝ ብትሉ ግራ ኑጉ አብቦ ቢጫ ለብሷል። የፎገራ ላሞች እንደ ሀብታም ሴት ረጋ ብለው መንገዱን ሲያቋርጡ ሹፌሩ ጥሩምባውን እስኪታክተው ይነፋል፤ እነሱ ዞር ብለውም አያዩት።

ወረታ ረፋድ ላይ ደረስን። ረቡዕ ነውና ሽሮ በላን፤ የሁለታችን አንድ ብር ነበር። የሁለታችንንም ልከፍል ስል አቶ ተካልኝ ሃምሳ ሳንቲሙን ከኪሱ ቆጥሮ አስቀመጠ። «ከባለ ጉዳይ አልበላም» አለ። ይሄ ነገሩ ደስ አለኝ። ግትር ነው እንጂ ሌባ አይደለም ብዬ ልቤን አሳረፍኩ።

ከወረታ በኋላ ለሁለታችን በሦስት ብር ጋሪ ተከራየን። ባለጋሪው ውኃው በሸሸበት መሬት ላይ ሽንብራና ጓያ የሚዘሩትን እያሳየ ያወራን ነበር። ራቅ ብሎ ደግሞ ውኃ ውስጥ የቆመ አረንጓዴ ነገር አየን። «ሩዝ ነው አሉ» አለን። «የማኅበሩ ሰዎች የዘሩት ነው። ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚኖር እህል አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አቶ ተካልኝ እንኳ አንገቱን አስግጎ አየ።

ከርብ ወዲህ

መኪናዋ ከአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ፣ ዋርካ ሥር ቆማ ነበር። ከጋሪው ወርጄ አየኋት። ቀጥ ብላ ቆማለች! ጣሪያዋ ተጨራምቷል፣ መስተዋት የላትም፣ ግን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ቀጥ ያለች ናት። ደግሞ ታጥባ ታበራለች።

አቶ ተካልኝ በጃንጥላው ጫፍ ወደ መኪናዋ ብቻ አመለከተኝ።

እኔም ልቤ ከዳኝ፤ ለምን እዋሻችኋለሁ። አስማረ እውነትም ይቃዥ ኖሯል አልኩ። ሁለት ወር ሙሉ ሰው ፊት የተሟገትኩለት፣ ከወንድሙ የተጣላሁለት ቃል ቅዠት ኖሯል። ዋርካው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ይኼኔ ነው የሰፈሩ ገበሬዎች የመጡት። ከፊት የሚመራቸው አያ ሞላ የሚባል፣ ጋቢውን ያጣፋ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ሽማግሌ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዙም መስቀላቸውን ይዘው ከቅጥሩ ወጡ። ተሳልመን፣ ስለ አስማረ እግር ጠይቀው፣ እግዜር ይማረው ከተባለ በኋላ አያ ሞላ ደረቱን ነፋ።

«እንዴት አየሻት? አምራለች አይደል? እኛ እኮ ነን ያቃናናት!»

«ምን አልክ አያ ሞላ?»

«ከጎርፉ ልናወጣት በሬ ስንጠምድ ወገቧ ልል ሆነብን። ስንጎትት ፊቷ ይመጣል፣ ኋላዋ ይቀራል። እርሻ ላይ ሞፈር ሲሰበር ምን ታደርጊያለሽ? እንጨት ደርበሽ በእርጥብ ጠፍር ታስሪያለሽ። እኛም የእኔንና የወንድሜን ሞፈር ግራና ቀኝ ደግፈን በበሬ ቆዳ ጠፍር ጠፈርናት። ሲደርቅ እንደ ብረት ነው የሚይዝ። ጠፍሩን ጅብ እንዳይበላው ደግሞ በእበትና በጭቃ መረግነው። ከዚያ በስድስት ጥማድ በሬ ጎትተን እዚህ አቆምናት። ባለቤቱ ሲመጣ አያፍር ብለን ሴቶቹ አጠቧት።»

ሁሉም በኩራት ያዩኛል፣ ምስጋና ይጠብቃሉ። ልስቅ ወይስ ላልቅስ? ከድንጋዩ ተነሥቼ፣ ነጠላዬን ለቄሰ ገበዙ ሰጥቼ፣ በጀርባዬ መኪናዋ ሥር ገባሁ። እውነት ነው፤ ከሥር እንደ ቤት ግድግዳ ተመርጋለች። በነሐሴ ጭቃው ጎማዋን እስከ ወገቡ ውጦት ስለነበር አቶ ተካልኝ ከሥሯ ሊገባ አይችልም ነበር፤ ከላይ ቀጥ ብላ አያት፣ ማንንም ሳይጠይቅ ደህና ናት አለ። እነዚህ ደጋጎች በደግነታቸው ገደል ከተውናል!

«አቶ ተካልኝ፣ ይግቡና ይዩ» አልኩ ከሥር ሆኜ።

ኮቱን አውልቆ ገባ። ጎን ለጎን ተጋድመን እበት ስናይ ሰዎቹ ከላይ ይስቃሉ።

«ጭቃና ጠፍር ነው የማየው» አለኝ። «ስብራት አላየሁም።» ከወጣን በኋላ ወደ አያ ሞላ ዞሮ «ብረቱ ሲቆረጥ በዓይንህ አይተሃል?» አለው።

«በዚያ ዝናብ፣ ጭቃ ውስጥ ተነክሬ ምን ይታየኛል? በእጄ ዳስሼ ነው። ልል ነበር። ተቆርጦ ይሁን ተጣሞ፣ እግዜር ነው የሚያውቅ።»

«ጠፍሩ ይቆረጥና እንየው» አልኩ።

አቶ ተካልኝ እጁን አነሣ። «ልብ ይበሉ ወይዘሮ ዘነበች። ተፈትቶ ሻንሲው ሙሉ ሆኖ ከተገኘ፣ ባለቤትዎ በሐሰት አመለከተ ብዬ ነው የምጽፈው። የጥገናውም ገንዘብ ይቀራል። እንደታሰረች ብትቀር ግን የጥገናውን ትወስዳላችሁ።»

ዝም አልኩ፤ እኔ ዝም አልኩ! ትንሿ ገንዘብ ትሻላለች የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ሰውዬ ታየኝ። ትንሿን ይዤ ብመለስ እኔም ከሚስቁበት ጋር ቆምኩ ማለት አይደል? ባሌ ሰካራም አይደለም፣ ዋሾ አይደለም፤ አየሁ ካለ አይቷል።

«አያ ሞላ፣ ቁረጠው።»

«ኧረ በሥላሴ! የደከምንበትን?»

«ቁረጠው በሞቴ!»

ሽማግሌው ቄሰ ገበዙን አየ። «የሴትዮዋ ንብረት ነው፤ ትዘዝበት» አሉ ቄሰ ገበዙ። አያ ሞላ በመጥረቢያ እበቱን ፈረፈረ፣ ከዚያ ከውጭ ሆኖ እጁን እያስገባ ጠፍሩን በቢላዋ መገዝገዝ ያዘ። አንዱ ጎን ተፈታ፤ ምንም የለም። የሁለተኛው ጎን ግማሹ ተፈታ፤ አሁንም ምንም የለም። አቶ ተካልኝ ቦርሳውን ከፈተ። አያ ሞላ የመጨረሻዋን ጠፍር በጠሰና «ሽሹ!» ብሎ ወደ ኋላ ዘለለ።

መኪናዋ አቃሰተች። ከዚያ ወገቧ ዱብ አለ! ፊቷ ወደዚያ፣ ኋላዋ ወደዚህ፣ መሐሏ መሬት ላይ። ዋርካው ላይ ያሉት ወፎች በሙሉ ተነሡ። እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት፤ መኪናው የተሰበረበት ሰው እልል ሲል ታይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሴቶቹም ነገሩ ሳይገባቸው ተቀበሉኝ።

አቶ ተካልኝ ተንበርክኮ የተቆረጠውን ብረት ጫፍ በጣቱ ዳበሰ። «በሬዎቹ ሲጎትቱ ተቆርጦ ቢሆንስ?» አለ፤ ግን ድምፁ እንደ ጧቱ አልነበረም።

«ጌታው» አለ አያ ሞላ ተቆጥቶ፣ «ሳይሰበር ማን ይጠግናል? እግሩ ደህና ለሆነ ሰው ወጌሻ ትጠራለህ?»

አቶ ተካልኝ ሳቀ። ያ ቃል የሚቆጥብ ሰው እንባው እስኪመጣ ሳቀና ዋርካው ሥር ተቀምጦ «ከጥቅም ውጪ» ብሎ ጻፈ። ሲጽፍ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ጣጣው ግን በዚህ አላለቀም። መኪናዋን በዕድሜዋ ቀንሶ ሰባት ሺህ ብር ገመታት።

«እሺ» አልኩት። «ሰባት ሺሁን አልፈልግም። እርስዎ በሰባት ሺህ እንዲህ ያለች ፒክአፕ ይግዙልኝና እሷን ልውሰድ።»

«በሰባት ሺህማ አይገኝም።»

«ለምን አይገኝም?»

«ከውጭ መግባቱ ቀርቷል፤ ያለው ደግሞ ተወዷል።»

«ታዲያ የሌላው ሰው አሮጌ መኪና ሲወደድ የእኔ ብቻ ለምን ይረክሳል? ስንት ነው የሚገኘው?»

ቄሰ ገበዙ «ይመልሱላት እንጅ ጌታው» አሉ በለሆሳስ። አቶ ተካልኝ ላቡን ጠረገ፤ የገበያውን ዋጋ እሱም እኔም እናውቀዋለን። አሥራ አንድ ሺህ ላይ ተስማማን፤ እሱ ፈረመ፣ እኔ ፈረምኩ፣ ቄሰ ገበዙ ምስክር ሆኑ። ኃላፊውም ኋላ ሳይቀንስ አጸደቀው። ስብርባሪው ለመድን ቤቱ ቀረ።

«መኪናዋ ላይ ያለ ሁሉ የመድን ነው» አለ አቶ ተካልኝ ወረቀቱን እያጠፈ።

«ሞፈሩም?» አለ አያ ሞላ። ለካ ሰውየው ሞፈሩን ለእኛ ሰጥቶ ከነሐሴ ጀምሮ በልመና ሞፈር ነው ሲያርስ የቆየው! አንድ ቀን እንኳ ሄዶ ሊፈታው አልሞከረም። ያኔ ነው ያለቀስኩት። አቶ ተካልኝ ወረቀቱን ዘርግቶ «ሁለት ሞፈር ሳይጨምር» ብሎ ጻፈበት።

ወደ ቤት

ወረታ አደርን፤ ሐሙስ ጧት የመጀመሪያውን አውቶቡስ ያዝን። አቶ ተካልኝ ሐሙሲት ላይ የሁለታችንን ሻይ ከፈለ፤ ጉዳዩ ስላለቀ አሁን ይቻላል አለኝ። ከዚህ መንገድ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ክፉ ያላሰበብህ ሰውም ሊጎዳህ ይችላል፣ ስለዚህ ሳይቆጡ ጎንበስ ብሎ ከሥር ማየት ነው። ሳልቆጣ አየሁ ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል፤ ሁለት ወር ሙሉ ስቆጣ ነው የከረምኩት።

ቤት ስገባ አስማረ ፊቱን አላዞረም።

«ተካልኝ አየ?» አለኝ ለግድግዳው።

«አየ።»

«ሁለት ሆነች?»

«እዚያው ፊታችን ላይ፣ ለሁለት።»

ዞሮ አየኝ። ስንት ተገመተ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ያንን የነገርኩት ራት ከበላ በኋላ ነው። በማግሥቱ፣ አልጋ ከያዘ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምርኩዙን አስመጣና ደጅ ወጣ። እኔ ልብስ ሳጥብ፣ እሱ አጥሩ ሥር ተቀምጦ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ እየጠራ «ለሁለት!» ይላል፣ ሁለቱን እጆቹን እየለያየ። ወንድሙን ግን እስከ ቀትር ጠበቀው፤ ሲመጣ አስቀመጠውና ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገረው።