ከቫን ግንብ ሥር የተቆፈረው ጉድጓድ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሰላም ኮሎምቢያ ሲቲ ከሚባለው ሰፈር ካለው ቤቷ መጥታ ስልኳን አሳየችኝ። "ዳዲ፣ ከባሌ ጋር ቱርክ ልንሄድ ነው፤ ፍላይቱን ቡክ አድርገናል። ይኼን ካስል እየው!" ሰማያዊ ሐይቅ ዳር የተጋደመ ረጅም ዐለት፣ በላዩ የፈረሰ ግንብ። የቫን ግንብ ነው። ስልኩን ከእጇ ወሰድኩ።

አንካራ የምማር ወጣት ሳለሁ፣ ታሪክ ያጠና የነበረው ጓደኛዬ ኬማል ትምህርት ሲዘጋ ቫን ከተማ፣ እናቱ ቤት ወሰደኝ። እናቱ ጠዋት ጠዋት የተራራ ቅጠል የገባበት አይብ፣ ማርና ትኩስ ዳቦ ያቀርቡልን ነበር። አፕሪኮት የሚበስልበት ወቅት ስለነበረ መንገዱ ሁሉ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል።

አንድ ቀን ግንቡ ላይ ወጣን። ኬማል ታሪኩን አወጋኝ፤ ኡራርቱ የሚባለው የጥንት መንግሥት ነገሥታት ሠሩት፣ የፋርስ ንጉሥ ዐለቱ ላይ ጽሑፍ አስቀረጸ፣ ከዚያ በኋላ ስንቱ እየተራረደ ተፈራረቀበት። ቁልቁል ጉብታ የበዛበት ሜዳ አሳየኝ።

"አሮጌው ከተማ ይኼ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተቃጥሎ ፈረሰ። እዚህ ይኖሩ የነበሩት አርመኖች ተገደሉ፣ የተረፉት ተሰደዱ።"

ሜዳው ላይ የሚቆፍር ሰው ነበር፤ የኬማል ታላቅ ወንድም ኦስማን። አርመኖቹ ወርቅ ቀብረው ሄደዋል የሚል ወሬ ያን ጊዜ ብዙ ሰው ያሳብድ ነበር። ወርደን ስንደርስ እስከ ወገቡ ጉድጓድ ገብቷል። ያወጣው ግን የምድጃ ስባሪና የሰው አጥንት ነው፤ አንዱ የራስ ቅል ከጡጫዬ ብዙም አይበልጥም።

"መቃብር ነው፣ ድፈነው" አለ ኬማል።

"ለሙት ከምታለቅስ ለእናታችን አልቅስ። ጣሪያው እያፈሰሰባት ነው።"

ኬማል ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ ይመልስ ጀመር። ኦስማን ዘሎ ወጣ፤ "ተው!" ብዬ ሳልጨርስ የአካፋው ብረት ከወንድሙ ጆሮ ኋላ አረፈ። ኬማል በግንባሩ ተደፋ። ኦስማን ሊደግመው ሲያነሳ ወገቡን ያዝኩት፤ ተያይዘን ጉድጓዱ ውስጥ ወደቅን። አነቀኝ። ክንዱን ነከስኩት፤ አፌ ደምና አፈር ሞላ። ዓይኔ ሲጨልም ኬማል አቃሰተ። ያን ሲሰማ የኦስማን እጅ ላላ፤ እንደ ሕፃን ጮኸ።

ተሸክመን ቤት አደረስነው። እናቱ ምን እንደሆነ ሲጠይቁት "ከግንቡ ወደቅኩ" አለ። ቁስሉን አዩ፤ ቀጥለው የኦስማንን ክንድ።

"አንተንስ ግንቡ ነው የነከሰህ?" አሉት።

ኬማል ዳነ፤ አንድ ጆሮው ግን ደንቁሮ ቀረ። ኦስማን በማግስቱ ጉድጓዱን ደፈነና አገር ጥሎ ሄደ። እናቱ ሲሞቱም አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ግንቡ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ ማን ገነባው፣ ማን ያዘው ነው የሚለው። እኔ ግን ታሪክ ሲባል የሚታየኝ የአንድ እናት ልጆች አፈር ላይ ሲተራረዱ ነው።

ይኼን ሁሉ ለሰላም ነገርኳት። "ሶ፣ እንቅር?" አለች በመጨረሻ።

"ሂዱ እንጂ" አልኳት። "ግንቡን ያሳዩአችኋል። ከሥሩ ያለው ሜዳ ባዶ ይመስላል፤ ሰውም ሣሩ ላይ ይዝናናል። አንቺ ግን እዚያ ምሳ እንዳትዘረጊ።"