አዲስ ጫማ አሰፍቼ ተራራ የወጣሁ ቀን

ወጨጫን ቀራንዮ ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ሆኜ በየጠዋቱ አየዋለሁ። ከሩቅ ሲታይ ሰው የሚያሸንፍ ተራራ አይመስልም። እኔን ግን አሸንፎኛል። መጀመሪያ ከተጓዦች ቡድን ጋር የሄድኩ ቀን፣ ጫፉ አጠገብ ያለ አንድ አለት ላይ ስኒከሬ ሦስት ጊዜ አንሸራትቶ መለሰኝ። የቡድኑ መሪ "በቃ፣ አንቺ እዚህ ጠብቂን" አለኝ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ የሌሎቹን ሳቅ ከላይ እየሰማሁ ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅኳቸው። ሲወርዱ ፎቷቸውን አሳዩኝ። ማሽላ እያረረች ትስቃለች እንደሚባለው፣ "ያምራል" አልኩ።

መሪው ምን ዓይነት ጫማ መግዛት እንዳለብኝ ነገረኝ። ለመንገዱም ለአለቱም የሚሆን፣ ቀለል ያለ፣ ሶሉ ከጣቶቹ በታች ልሙጥና ድንጋይ የሚይዝ ጎማ የሆነ። ስፈልግ ከርሜ አንድ ሱቅ ውስጥ አገኘሁት። ባለሱቋ "አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ውሰጂ የኔ ቆንጆ፣ በካልሲ ይሞላል" አለችኝ። እኔ በካልሲ በተሞላ ጫማ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ዘንድሮስ አይሆንም አልኳት። ልኬን አጥልቄ የሱቁ ደረጃ ጠርዝ ላይ በጣቶቼ ጫፍ ቆምኩ። እግሬ አልተንሸራተተም፣ ተረከዜም አልተነሳም። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እቤት ገብቼም ሳላወልቀው ስንጎራደድ እናቴ አይታኝ፣ "ሽማግሌ ላኪበትና አግቢው" አለች።

በማግስቱ ማንም አዲስ ጫማ የገዛ የሰፈሬ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። ሶሉ እንዳይለቅ ታክሲ ተራው አጠገብ ላሉት ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ወሰድኩላቸው።

"አባባ፣ ዙሪያውን ይስፉልኝ።"

"የት ልትሄጂበት ነው ልጄ?"

"ለእግር ጉዞ ነው።"

አለቱን አላነሳሁም፤ እናቴን ያውቋታል። ቀስ ብለው፣ ክሩን በሰም እያሹ ዙሪያውን ሰፉት። "ጎማው ያልቃል እንጂ ስፌቱ አይለቅም" ብለው ሲያስረክቡኝ ኮራሁ።

እሁድ ያ አለት ስር ደረስን። ቦርሳዬን ያ የጠበቅኩበት ድንጋይ ላይ አስቀምጬ፣ በአዲሱ ጫማዬ ተማምኜ መጀመሪያ ልውጣ አልኩ። አንድ እርምጃ ወጣሁ፤ በሁለተኛው ሸርተት ብዬ ተመለስኩ። ደነገጥኩ። መሪው እግሬን አንስቶ ሶሉን ገልብጦ አየና ሳቁ አመለጠው።

"አዲስ ጫማ አሰፋሽ?"

"የማይሰፋ አዲስ ጫማ አለ እንዴ?"

ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ቀስ ብለው የራሳቸውን ጫማ አዩ። "ጫፉ ላይ አለቱን የሚነካው ክሩ ነው፣ ጎማው አይደርስም" አለኝ መሪው። "ወይ ትፈቺዋለሽ፣ ወይ ትጠብቂናለሽ።"

የሽማግሌውን እጅ እያሰብኩ አመነታሁ። ከዚያ ጥፍር መቁረጫ ተቀብዬ ጫፍ ጫፉን ብቻ መፍታት ጀመርኩ። ሰውየው እውነታቸውን ነበር፤ ስፌታቸው በዋዛ አይለቅም። ጎትቼ፣ በጥርሴም ታግዬ ጨረስኩ።

ጣቶቼን አለቱ ላይ አሳርፌ ክብደቴን ቀስ ብዬ ሰጠሁት። ያዘኝ። ሌላውን እግሬን አነሳሁ፣ እሱም ያዘኝ። ለራሴ "አትቸኩዪ" እያልኩ ወጣሁ። ስፌቱን ስፈታ ቀድሞኝ የወጣው መሪ ከላይ እጁን ዘረጋልኝ፤ አልያዝኩትም። በራሴ እግር አለቱ አናት ላይ ስቆም ማንም ሳያስቀኝ ሳቅኩ።

ቀራንዮን ከዚያ ላይ ለማየት ስንት ጊዜ ተመኝቼ ነበር። ስደርስ ግን መጀመሪያ ያየሁት ወደ ታች ነው። ያ ድንጋይ ላይ ቦርሳዬ ብቻዋን ቁጭ ብላለች። ዛሬ የምትጠብቀው እሷ ናት።