እንግዳ ያየው ሮቶ

አቃቂ ውስጥ አቻምየለሽን የማያውቅ የለም። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲያሰናብታት ቤቷ ቁጭ ማለት አልሆነላትም። ጎረቤቷ እማማ ሙሉአለም ወገባቸው ተይዞ አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ አንሶላቸውን የሚያጥብላቸው አልነበረም፤ አንድ ቀን ጠቅልላ ወስዳ አጠበችላቸው። በሳምንቱ ከታች ሰፈር የአንድ ሽማግሌ ብርድ ልብስ ተላከባት። ቀጥሎ የሌላ። እንዲህ እንዲህ እያለ አልጋ የያዙ አዛውንቶችን ልብስ የሚያጥብ ማኅበር ሆነ። ሊቀመንበሯ አቻምየለሽ፣ አባላቱ የሰፈር ሴቶች፣ ንብረቱ ደግሞ ሳፋና የልብስ ገመድ።

ችግሩ ውሃ ነው። በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲመጣ ሴቶቹ ያላቸውን ጀሪካን ሁሉ ይሞላሉ፤ የጀሪካን ውሃ ግን ለብርድ ልብስ ምን ያህል ነው፣ ወዲያው ያልቃል። ከዚያ የቆሸሸው አንሶላ ተከምሮ ፈረቃ ይጠብቃል፣ ሽማግሌውም እርጥቡ ላይ ተኝቶ ፈረቃ ይጠብቃል። አንድ ትልቅ ሮቶ ቢኖር ነገሩ ባለቀ። አቻምየለሽ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ሮቶ ብቻ ነው።

ለሮቶ ያላንኳኳችው በር የለም። አንዱ ቢሮ «ሮቶ አንሰጥም፣ እኛ አቅም ነው የምንገነባው» ብሎ አዳራሽ ውስጥ ስለ አመራር አሰለጠናት። ሌላው «ገና ትንሽ ናችሁ እኮ፣ ትልቅ ስትሆኑ ኑ» አላት። «ትልቅ ከሆንኩ አንተ ጋ ምን ያመጣኛል?» ብላው ወጣች። ሦስተኛው በጎ ፈቃደኞች ላከላት። ልጆቹ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ከሚኒባስ ወረዱ፣ እማማን አቅፈው ፎቶ ተነሱ፣ ከዚያ ሁለቱ አንዲት አንሶላ ከግራና ከቀኝ ይዘው ጠመዘዙ። ፎቶ አንሺው «ፊታችሁ አልታየኝም፣ ድገሙት» ሲላቸው መልሰው ነክረው ጠመዘዙ። አሁንም ድገሙት። ያቺን አንዲት አንሶላ እያጠቡ የሳምንቱን ውሃ ጨርሰው «ማዘር፣ በጣም ነው የተማርነው» ብለው ሄዱ።

በስንት ልመና አንድ እርዳታ ድርጅት «ሐሙስ መጥተን እናያለን፤ ችግሩ እውነት ከሆነ ሮቶውን እንሰጣለን» አላት። አቻምየለሽ ደስታዋን መቻል አቅቷት ለሰፈሩ ተናገረች። ሮቶና የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጠው ባለሱቅ ሙሀመድሰዒድ ሰማ፣ ሴቶቹ ሰሙ፣ እማማም በአልጋቸው ሆነው ሰሙ። መናገር አልነበረባትም።

ሐሙስ ጠዋት የቆሸሸውን አንሶላ ሁሉ ግቢው መሀል ከመረችው፣ ባዶዎቹን ጀሪካኖች ደረደረች፣ ከዚያ እንግዶቹ መንገድ እንዳይጠፋባቸው ልትቀበል ቃሊቲ ሄደች። የድርጅቱን ልጅ ሶሊያናን ይዛ ስትመለስ ግቢው ግቢዋ አልመስል አላት።

የአንሶላው ክምር የለም። መሬቱ ተጠርጓል፣ አበባ ያለው የፕላስቲክ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ከለቅሶ ድንኳን የመጡ ወንበሮች ተደርድረዋል። ጥግ ላይ፣ ድንጋይ ተነጥፎለት፣ ልጣፉ ያልተላጠ አዲስ ጥቁር ሮቶ ቆሟል። አጠገቡ ሙሀመድሰዒድ ኮት ለብሶ ቆሟል።

«ዋው፣ በጣም ክሊን ነው» አለች ሶሊያና። «እትዬ አቻምየለሽ፣ ሮቶ የለንም አላሉም እንዴ?»

«የለንም። ይሄ የሱ ነው፤ ከሱቁ ነው ያመጣው» አለች አቻምየለሽ።

«ትሕትና ነው እህቴ፣ አትስሚያት» አለ ሙሀመድሰዒድ። «እሷ ያላትን የማትናገር ሰው ናት። የነሱ ነው ወላሂ። ሰፈራችን እንግዳ ፊት የሚያፍር ሰፈር አይደለም።»

አቻምየለሽ ዓይኗን አፈጠጠችበት። እሱ ምስጋና መስሎት በአንገቱ «ምንም አይደል» አላት።

ይሁን፣ እማማ አሉ ብላ ሶሊያናን ወደ ቤት አስገባቻት። እማማ ሙሉአለም የፋሲካ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ከሆነች ሙሽራ የተዋሱትን ብርድ ልብስ ደርበው፣ ፀጉራቸው ተሠርቶ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ዋናው ችግርዎ ምንድን ነው?» አለች ሶሊያና።

«ምን ችግር አለብኝ ልጄ፣ ተመስገን። ምን ጎድሎብኝ።»

«እማማ፣ ትናንት ያሉኝን ይንገሯት እንጂ» አለች አቻምየለሽ።

«ምን አልኩሽ?»

«እርጥቡ ላይ አደርኩ ያሉኝን።»

የእማማ ፊት ተለዋወጠ። «እንግዳ ፊት እንዲህ ይወራል እንዴ አንቺ ልጅ? አሳዳጊ የለሽ አስመሰልሽን እኮ። ቁጭ በይ የኔ እናት፣ ለስላሳ ያምጡልሽ።»

ለስላሳው መጣ። ቀዝቃዛ ነበር።

ሶሊያና ጠጥታ ስታበቃ «እናንተ እኮ ሞዴል ናችሁ» አለች። «የኛ ድጋፍ ጋፕ፣ ክፍተት ማለቴ፣ ላለበት ነው። እናንተ ጋ ጋፕ አላየሁም። ግን በየሦስት ወሩ ሌሎች ማኅበራት ይዘን ለልምድ ልውውጥ እንመጣለን። ሮቶውን ፎቶ ላንሳው?» ውጭ ሙሀመድሰዒድ ኮቱን ቆለፈና እጁን ሮቶው ላይ ጣል አድርጎ ፎቶ ተነሳ።

መኪናው ሲሄድ አቻምየለሽ ሳፋ ገልብጣ ተቀመጠች።

«አቹ፣ አኮራንሽ አይደል?» አላት ሙሀመድሰዒድ።

«ሙሄ፣ እግዜር ይይልህ።»

«ምን አጠፋሁ? ለልጅሽ ሠርግ ድስቱን ሁሉ ከኛ ቤት አይደል የወሰድሽ? እንግዳ ጎደሎ ቤት ይገባል?»

«ሰውዬ፣ ጎደሎ ልታይ ነው እኮ የመጣችው። ጎደሎ አሳይቼ ልቀበልበት ነበር። ይሄን ስንቴ ነገርኩህ?»

«እሱማ ነግረሽኛል» አለ አንገቱን እያከከ። «ግን ሰው እንዴት እንደዚያ አድርጎ ያሳያል? አላስቻለኝም። ለማንኛውም ሰላት ልድረስና አይሱዙ ይዤ መጥቼ አነሳዋለሁ። ገላን ኮንዶሚኒየም ገዢ አለው።»

እሱ መስጊድ ሲሄድ ቧንቧው አሳለ፣ ደግሞ አሳለ፣ ከዚያ ለቀቀው። ሐሙስ ፈረቃቸው ነው። አቻምየለሽ ቧንቧውን አየች። ሮቶውን አየች። ተነስታ የውሃ ጎማውን ፈለገች።

ሙሀመድሰዒድ ሁለት ወዛደር ይዞ ሲመለስ ሮቶው እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። አንዱ ወዛደር በትከሻው ገፋው፣ ንቅንቅ የለም። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሙሉ ነው» አለ።

«አቹ፣ ምን አደረግሽ?»

«የነሱ ነው ብለህ የለ? ወላሂ ብለህ ምለህ፣ ፎቶ ተነስተህ። በሦስት ወሩ መጥተው ቢያጡት ምን ልንላቸው ነው? የውሸታም ሰፈር ነን እንበላቸው?»

«ክፈቺውና ይፍሰሳ ታዲያ።»

ከመስኮቱ የእማማ ድምፅ መጣ። «ማነው ውሃ የሚደፋው? እዚህ ሰፈር?»

ሙሀመድሰዒድ ወዛደሮቹን አያቸው፣ እነሱም መሬት መሬት አዩ። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «ሲያልቅ እወስደዋለሁ።»

«ውሰደው። ሲያልቅ።»

እስካሁን አላለቀም። ሊያልቅ ሲል ፈረቃው ይደርሳል። ሙሀመድሰዒድ እየመጣ ሮቶውን በጣቱ ያንኳኳል፣ ያዳምጣል፣ ተናዶ ይሄዳል። የገላኑ ገዢ ሲደውልለት «ውሃው አላለቀም» ይለዋል፤ ሰውዬው መቼ ውሃ ጠየቀ።

እማማ ግን ደረቅ ላይ ነው የሚተኙት። ለአቻምየለሽ ባለፈው ከድርጅቱ ስልክ ተደወለላት። ለልምድ ልውውጡ ሠላሳ ሰው ይመጣል፣ ምሳውን ማኅበሩ ይችላል አሏት። ስልኩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ አንሶላ ጠመዘዘች። ሴቶቹ «ማን ነው?» ሲሏት «በስህተት ነው የደወሉት» አለቻቸው።