መብራቱ ፊት የቆመው ድርጅት

ኅዳር 11 ቀን ጠዋት፣ በልጆች ሆስፒታል ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል በሚወስደው ኮሪደር፣ የአንዲት ልጅ ጥላ ከወገብ በታች ብርቱካንማ ተቀብቶ፣ ከወገብ በላይ በእርሳስ መስመር ብቻ ቀርቶ ነበር። ሠዓሊዋ ከመንጋቱ በፊት፣ ሌሊቱን በተኛችበት አርፋለች። ጀምራ ሳትጨርሰው የቀረ ሥራ ይህ ብቻ ነው።

መተዳደሪያዋ የሱቅ ማስታወቂያ መጻፍ ነበር፤ ዳቦ ቤት፣ ጎማ ጥገና፣ የጥርስ ሐኪም። ይህ ግድግዳ ልቧ ውስጥ የገባው የታናሽ ወንድሟ ልጅ አልጋ ላይ ተኝቶ በኮሪደሩ ሲገፋ ነው። ልጁ ዳነ። እሷ ግን ያን ባዶ ግድግዳ እያየ እጇን እንዴት ጨምቆ እንደያዘ አልረሳችም።

አሠራሯ እንዲህ ነበር፤ ሕፃኑን ባለ እግር መብራት ፊት ታቆመዋለች፤ መቆም ካቃተው እናቱ ታቅፈዋለች። ግድግዳው ላይ ያረፈውን ጥላ በእርሳስ ትከተላለች። ቀለሙን የሚመርጠው ልጁ ነው። አንዱ ከራስ እስከ እግሩ አረንጓዴ ሆኗል፤ ሌላው ክራንቹን እንደ ጠመንጃ አንግቷል።

ቀለም ግን ከሰማይ አይዘንብም። ሆስፒታሉ የለውም፣ እሷም የላትም። አንድ የቀለም ፋብሪካ "እኔ እችላለሁ" አለ። ያኔ ሰፈሩ ምላሱን አሾለ። ከሁሉ የባሰው የገዛ ወንድሟ ነበር፤ ፀጉር አስተካካይ ነውና ከወንበሩ ወሬ አይጠፋም።

"እትዬ፣ ሰዎቹ ፊታቸውን በልጆች እንባ ሊታጠቡ ነው። አንቺ ደግሞ ውሃ አቅራቢ ሆነሻል" አላት።

"አንተ ባትወደውም ልጅህ ወዶታል። ይልቅ ሥራህን እይ፣ የሰው ጆሮ እንዳትቆርጥ።"

አንድ ጠዋት ስትገባ የፋብሪካው ሠራተኞች በር የሚያክል የድርጅት ምልክት በልጆቹ ጥላ ላይ ሰቅለው አገኘች። አልጮኸችም። መብራቷን ነቅላ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ምልክቱ ከወረደ ቀለም የለም ተባለች። የኮሪደሩ ግማሽ ገና ባዶ ነው፤ በየቀኑ ልጆች ይገፉበታል። እምቢ ብትል ባዶው እንዳለ ይቀራል፤ እሺ ብትል ወንድሟ ያለው እውነት ይሆናል።

በማግስቱ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ራሳቸው መጡ።

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አሏት።

"ጌታዬ፣ እዚህ ያለው ሁሉ መብራቱ ፊት ቆሞ ነው የወጣው። ድርጅትዎም መውጣት ካማረው ይቁም።"

"ድርጅት በምን እግሩ ይቆማል?"

"በእርስዎ።"

ሰውየው ሳቁ፤ ኮታቸውን አውልቀውም ቆሙ። ተራዋን ስትጠብቅ የነበረች ልጅ ሐምራዊ መረጠችላቸው።

"ሆዴን ትንሽ ይቀንሱልኝ እንጂ" አሉ።

"ጥላ አያዳላም" አለችና መስመሯን ቀጠለች።

ምልክቱ ወረደ። የፋብሪካው ስም በመዳፍ ልክ፣ በዚያው ሐምራዊ ሆድ ላይ ተጻፈ። ሥራ አስኪያጁ ቃላቸውን አላጠፉም፤ ቀለሙ መምጣቱን ቀጠለ።

ወንድሟ መጥቶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አየው።

"አሁንም አላምናቸውም" አለ። "ሆዳቸው ግን ቁርጥ እሳቸውን ነው።"

"አትመን። እየመጣህ እይ ብቻ። የሚያየኝ ሰው ሲኖር እኔም እጠነቀቃለሁ" አለችው።

ከተላከው ቀለም መካከል አንድም ልጅ ያልመረጠው ግራጫው ነው። ሁለት ቆርቆሮ ሳይከፈት ተቀመጠ። የራሷን የግቢ በር ዝገት በልቶት ስለነበር ወንድሟ፣ "ቀቢበት እንጂ፣ ማን ይጠይቅሻል?" አላት።

"ደንበኞችህ" አለችው። "ዛሬ በሬን ያዩ፣ ነገ ግድግዳውን ይጠረጥራሉ። ለልጆቹ የመጣ ነው፤ ልጆቹ ካልፈለጉት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።"

ኅዳር 10 ቀን ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮዎቹን በዘንቢል አንጠልጥላ ወደ ፋብሪካው መጋዘን ሄደች። መጋዘን ጠባቂው፣ የሰጡት ነገር ሲመለስ አይቶ ስለማያውቅ የት እንደሚያኖረው ግራ ገባው። ጥግ ላይ ያለውን መደርደሪያ በአገጯ አሳየችው። አንዱን እሱ፣ ሌላውን እሷ አንስተው ጎን ለጎን አስቀመጡ። እሷም ዘንቢሏን አጥፋ ብብቷ ሥር ይዛ ወጣች።