የአሸዋዋ ፊደል

የአራት ዓመት ልጅ መዋለ ሕፃናት ለመግባት ይፈተናል ሲሉኝ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር። ምን ሊጠየቅ ነው? ስንት ጥርስ እንዳለው? የገዛ ልጄ ተፈትና ከመጣችበት ቀን ወዲህ ግን ነገሩ ሲነሳ አልስቅም፤ ጆሮዬ ድረስ ይሞቀኛል። ቁጡ መሆኔን አልክድም። እናቴ "አንቺ ንዴት ጠብተሽ ነው ያደግሽው" ትለኛለች፣ ያጠባችኝ እሷ መሆኗን ረስታ።

ቡራዩ ከገባን አምስተኛ ዓመታችን ነው። ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እኔ አዲስ አበባ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ የሳምንቱን ግማሽ መንገድ ላይ ያሳልፋል። ጠዋት ለሚኒባስ ሰልፍ ስወጣ ልጄን የምተዋት ለአከራያችንና ለባለቤታቸው ነው። አከራያችን ገበሬ ነበሩ፤ ያርሱት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ የሰው ቤት ቆሞበታል። ሰፈሩ "ኦቦ" ይላቸዋል፣ አቶ እንደማለት ነው። ልጄ ግን "አካኮ" ነው የምትላቸው፣ አያቴ ማለቷ ነው።

ፊደል ማስተማሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ገበታውን ግድግዳ ላይ ለጥፌ በእንጨት እየጠቆምኩ "ሀ በይ" ስላት ታዛጋለች፣ ወይ ሽንቴ መጣ ትለኛለች። ተናድጄ ገበታውን ጠቅልዬ ከአልጋ ሥር ወረወርኩት። አንድ ቅዳሜ ግን ግቢው ሊሾ ላይ ሰኞ ማክሰኞ ስትጫወት አየኋትና ቤቶቹን ቆጠርኳቸው። ሰባት ናቸው። ጠመኔ አመጣሁና በየቤቱ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ በቃ ብላት እንኳ ማስቆም አልቻልኩም። ጠጠሯን ትጥላለች፣ በአንድ እግሯ ትዘላለች፣ የረገጠችውን ፊደል ጮክ ብላ ትጠራለች። መስመር የረገጠ ወይም ፊደል የሳተ ተቃጠለ ይባላል፤ ወጥቶ ተራውን ይጠብቃል፣ ሌላው ሲቃጠል ተመልሶ ይገባል። ሆን ብዬ እቃጠልላት ነበር።

በየሳምንቱ አንድ ፊደል እያጠፋን ሌላ እየጻፍን ቀ ድረስ ዘለቅን። አንድ ቀን መሐል ላይ ቆም ብላ፣ ሀ እና ሃ እኩል እየጮኹ ለምን ለእያንዳንዳቸው ቤት ተሰጣቸው ብላ ጠየቀችኝ። አባትሽን ጠይቂው አልኳት። አባቷ "ዘመድ ይኖራቸዋል" አላት።

ያን ጊዜ የኩራቴን ነገር አልነግራችሁም። ሥራ ቦታ ለሰማኝ ሁሉ አወራ ነበር። እኔ ሥራ ስውል አካኮም ከእሷ ጋር የራሳቸው የፊደል ጨዋታ እንደነበራቸው ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

የፈተናው ቀን ፀጉሯን ሹሩባ ሠርቼላት ሄድን። ትምህርት ቤቱ የግል ነው፤ አጥሩ ላይ ቀጭኔና ዝሆን ተስሎበታል። ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተራችንን ስንጠብቅ አንዷ እናት ነጭ ሸሚዝ ያለበሰችውን ልጇን በጥያቄ ስታስጨንቀው አይቼ አዘንኩለት። እኔ ምንም አላስጠናኋትም፤ ልጄ ታውቃለች ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር የተቀመጥኩት።

አስተማሪዋ ወጣት ናት፣ ፈገግታዋም ደግ ነበር። ሀ ሁ አልጠየቀቻትም። ካርድ አወጣችና ሥዕሉን በመዳፏ ሸፍና ከሥሩ ያለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንድታነብ ነገረቻት። በሦስት ፊደል የተጻፈች ቃል ናት፣ "ካት" የምትለዋ፣ ድመት። ልጄ ፊቷ በራ። ወደ እኔ ዞራ "ይቺን አውቃታለሁ፣ የአሸዋዋ ናት" አለችኝ። ምን እንደምትል አልገባኝም። ከዚያ ጣቷን የመጀመሪያዋ ፊደል ላይ አድርጋ አነበበች።

"ጨ… ጨት።"

አስተማሪዋ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ከጎን ያለችውን ጓደኛዋን ጠርታ "ጫት አለች እኮ" አለቻት። ርዕሰ መምህርቷም መጣች። እስቲ ድገሚው አሏት። ልጄ ሰው ያስደሰተች መስሏት ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችላቸው። ሦስቱም ሳቁ፣ እሷም አብራ ሳቀች።

ርዕሰ መምህርቷ ወደ ጥግ ወሰደችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ የአባቷ ሥራ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሾፌር ነው አልኳት። ከአስተማሪዋ ጋር ተያዩ። ከዚያ "ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ቤት ውስጥ የሚቅም ሰው አለ?" አለችኝ። ባለቤቴ ልቤን መታኝ ብሎ ቡና እንኳ የተወ ሰው ነው። ይህን መናገር ነበረብኝ። ካርድ ላይ የአንድ በሽተኛ ስም በአንድ ፊደል ሲሳሳት ቢሮ የማናውጥ ሴትዮ፣ ያን ቀን የሰጡኝን ወረቀት አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ወረቀቱ ልጅቷ ለደረጃው ዝግጁ አይደለችም ይላል።

ንዴት መውጫ ሲያጣ ወደ ትንሹ ሰው ነው የሚወርደው። ባጃጅ ውስጥ ገና ሳንቀመጥ "ማን ነው እንዲህ ብለሽ እንድታነቢ ያስተማረሽ?" አልኳት።

"አካኮ" አለች።

"ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር…" ብዬ ጀመርኩና ቀሪውን ዋጥኩት። የባጃጁ ልጅ ግን ቀሪውን ጨርሶ ሳቀ። እኔም አላፈርኩም፤ እንዲያውም ባሰብኝና ለልጄ "ሁለተኛ ያንን ፊደል ስታነቢ እንዳልሰማሽ" አልኳት። መንገዱን ሙሉ የሱቅ ሰሌዳ እየጠቆመች ስታደክመኝ የምትውል ልጅ ነች። ያን ቀን ጉልበቷን አቅፋ አንድም ፊደል ሳትጠራ ቤት ደረስን።

አካኮ ከግቢው በር ውጪ፣ ጎረቤት ለግንባታ ያስደፋው የአሸዋ ክምር አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሰላም እንኳ አላልኳቸውም።

"አንቱ ልጄን ምን እያሉ ነው የሚያስተምሯት? የሰው መሳቂያ ሆነች እኮ።"

ተቀመጪ አሉኝ፣ አልቀመጥም አልኩ። ምን እንዳነበበች ጠየቁኝና ነገርኳቸው። በከዘራቸው ጫፍ አሸዋው ላይ ሦስቱን ፊደላት ጻፉና "እስቲ አንብቢልኝ" አሉኝ። ካት ነዋ አልኳቸው። በቁቤ አንብቢው አሉ። ቁቤ፣ ኦሮምኛ የሚጻፍበት ፊደል፣ እኔ አልችልም። አለመቻሌን ሲያዩ አልሳቁብኝም። እንግሊዝኛው "ሲ" የሚላት ፊደል ቁቤ ላይ "ጨ" እንደምትባል ነገሩኝ። ጨዋታቸውንም አሳዩኝ። እሳቸው ፊደል ይጽፋሉ፣ ልጄ ደግሞ በዚያ ፊደል የሚጀምር ነገር ፈልጋ ታስቀምጥበታለች። "ጠ" የምትባለው ላይ ጤፍ ትበትናለች፣ ጤፍ በኦሮምኛ ጣፊ ነውና። "ቀ" ላይ የማገዶ ስንጣሪ ታስቀምጣለች፣ ማገዶ ቆራን ነውና። "ጨ" ላይ አንድ እፍኝ አሸዋ ታፈሳለች። አሸዋ ጭረቻ ነው።

"ኢሼን ዱጋ ቀብዲ" አሉኝ፤ እውነት አላት ማለታቸው ነው። "በደንብ ነው ያነበበችው። የጠየቋት በሌላ ቋንቋ እንደሆነ ማን ነገራት?"

አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ ከተማ ስመላለስ እያንዳንዱ ሱቅ፣ እያንዳንዱ ቢሮ ስሙን በቁቤም በፊደልም ጽፎ በላዬ ሰቅሎ ነበር። እኔ አማርኛዋን መስመር አንብቤ ሌላውን እንደ ጌጥ አልፈዋለሁ። ለካ ልጄ ሰሌዳውን ሙሉውን ነበር የምታነበው። ከአህያ ጋር ያልኩት ደግሞ እኚህን ሰውዬ ነው፣ ልጄን ቀኑን ሙሉ በነፃ የሚያስተምሩልኝን። ካፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። እንደ ምንም ይቅርታ ጠየቅኩ፣ እሱንም ሳልጨርስ እንባዬ ቀደመኝ። እሳቸው ግን ወደ ሌላ ወሬ አለፉ። አማርኛውን በጎልማሳነታቸው፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው የተማሩት፤ ቁቤን ደግሞ ፀጉራቸው ሸብቶ፣ ከልጃቸው ደብተር ላይ። ሲሳሳቱ ልጃቸው ትስቅባቸው እንደነበረ ነገሩኝ። "ስቃ ስትጨርስ ግን ታሳየኝ ነበር" አሉ።

በማግሥቱ ከሥራ አስፈቅጄ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለስኩ። ርዕሰ መምህርቷ ሰማችኝ፣ ክፋት አልነበራትም፣ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ገባኝ አለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና እንፈትናታለን አለች። ከዚያ፣ መድኃኒት እንደሚያዝ ሰው፣ "እስከዚያ ግን ያኛውን ያስረሷት፤ ግራ ያጋባታል" አለችኝ።

ያን ጊዜ ጮህኩ። የምታውቅ ልጄን አላዋቂ አደረጋችኋት፣ አባቷን ቃሚ አደረጋችሁት፣ አሁን ደግሞ ራሴ እንዳስረሳት ታዙኛላችሁ አልኳት። ዘበኛው በሩን ከፍቶ አየ። ሕፃናቱ መዝሙራቸውን አቆሙ። ሁለት ሳምንቱንም፣ ቀጭኔውንም፣ ዝሆኑንም ለእናንተ ብዬ ወጣሁ። አስፋልቱን ሳልሻገር ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያስረሷት ያለችኝን ነገር እኔ ትናንት ባጃጅ ውስጥ ጨርሼው ነበር።

እውነትም ጨርሼዋለሁ። ልጄ ማንበብ ተወች፣ ቁቤውን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም። በአሸዋው ክምር ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። ሰኞ ማክሰኞውን አሰምሬ ስጠራት እግሬን አመመኝ ትላለች፣ ከዚያ ዶሮ ስታባርር አያታለሁ። የብስኩት ላስቲክ ሰጥቼ ምን ይላል ስላት፣ ቀና ብላ ፊቴን ታይና "እኔ እንጃ" ትላለች። ፊደሏን ትታ ፊቴን ነበር የምታነበው። የምጮህበት ሰው ቢኖር በወደድኩ፤ ካርድ ክፍል ውስጥ ያልጮህኩበት ሰው አልቀረም፣ አንዱም ጥፋተኛ አልነበረም።

በሳምንቱ እሑድ አካኮ ዘንድ ሄጄ ቁቤ አስተምሩኝ አልኳቸው። በወረቀት ጻፉልኝ፣ እኔም ከወረቀቱ እየቀዳሁ ሊሾው ላይ ሰባቱን ቤት በጠመኔ ሞላሁ። ልጄ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የአሻንጉሊቷን ፀጉር ትጎነጉናለች፣ አልጠራኋትም። ቀሚሴን ሰብስቤ ብቻዬን መዝለል ጀመርኩ። ወፍራም ሴት ነኝ። አካኮ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

የመጀመሪያውን ቤት ረግጬ "አ" አልኩ። ሁለተኛውን ረግጬ "በ" አልኩ። ሦስተኛውን ስረግጥ፣ ምዬ እነግራችኋለሁ ሆን ብዬ አይደለም፣ ስንት ጊዜ ተለማምጄው፣ ከአፌ "ሲ" የሚል ወጣ።

"ተቃጠልሽ።"

ከደጃፉ ነው። በአንድ እግሬ እንደቆምኩ ቀረሁ። ልጄ አሻንጉሊቷን አስቀምጣ መጣችና ከሥሬ ያለችውን ፊደል በጣቷ ነካች።

"ጨ ናት። የአሸዋዋ።" ፊቴን አላየችም። "ውጪ፣ ተራሽን ጠብቂ።"

ወጣሁና ግድግዳውን ተደግፌ ተራዬን ጠበቅኩ። ብዙ ጠበቅኩ፤ ልጄ እስከ ሰባተኛው ቤት አልተቃጠለችም።