አያ ተገኘን ያመጣሁባት ብስክሌት

ነገሩ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ በግንቦት ወር፣ እሁድ ቀን ነው። ዓመቱን ልጥቀስ ብል እሳሳታለሁ። ነዳጅ በኩፖን የሆነበት፣ እሁድ እሁድ የግል ማኪና እንዳይነዳ የተከለከለበት ጊዜ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና ጽሑፌ ቢጎረብጥ አንባቢ ይለፈኝ።

ነገሩን ሰሞኑን የቀሰቀሰብኝ የልጅ ልጄ ናት። ዩኒቨርሲቲ ነው የምትሠራው። ወደ ሥራ መመላለሻ ብስክሌት ልትገዛ ፈልጋ ሁለት ስዕል በስልኳ አሳየችኝ። አንዱ ቀጭን፣ ለአስፋልት ብቻ የተሠራ ነው አለች። ሌላው ሲያዩት ያንኑ ይመስላል፤ ጎማው ግን ጥርስ አለው፤ ጭቃም ኮረኮንችም አይበግረውም አለች። የቱን ልግዛ ስትለኝ፣ ሰው ከኋላ የሚጫንበት የቱ ነው ብዬ ጠየቅኳት። ሁለቱም መጫኛ የላቸውም። "ምነው አባባ፣ ማንን ልጭን ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። ለእሷ ያልመለስኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ያኔ ጎንደር ቀሐ ሰፈር ከጓደኛዬ ከሲሳይ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ሁለታችንም አራዳ በአንድ የእህል መጋዘን ጆንያ ተሸካሚ ነን። እሁድ እሁድ ደግሞ ሁሴን ከሚባል ሰው ብስክሌት እየተከራየን ወደ አዘዞ ቁልቁለቱን እንለቀዋለን። ሁሴን እዚያው ጎንደር ተወልዶ ያደገ፣ ሱቁን ከአባቱ የወረሰ፣ ብስክሌት የሚያከራይና የሚጠግን ሰው ነው። ነገረኛ ነው። በእሽቅድምድም ሁልጊዜ የምሸነፈው እኔ ስለሆንኩ፣ ፍሬን ሳይዝ እንዲህ የዘገየ ሰው አይቼ አላውቅም ይለኝ ነበር።

ከብስክሌቶቹ አንዷ ኮርሳ ናት። ጎማዋ ቀጭን፣ መሪዋ ወደ ታች የታጠፈ፣ ብታነሳት ላባ የምትመስል። ሲሳይ ከእሷ በቀር አይነካም። ሌላዋ ጥቁርና ከባድ ናት፤ ጎማዋ ወፍራም ነው፤ ከኋላዋ የብረት መጫኛ አላት። አህያዋ እንላት ነበር።

ሲሳይን ተስቦ ያዘው። ሆስፒታል አስገባሁት። ለአባትህ ልላክ ስለው እምቢ አለኝ። ስድን ራሴ ሄጄ አያቸዋለሁ፣ ለምን በከንቱ አስደነግጣቸዋለሁ አለ። እሁድ ጎሕ ሲቀድ ሞተ።

አባቱን አያ ተገኘ ይሏቸዋል። ቤታቸው ከአዘዞ አልፎ ጠዳ፣ ከመንገዱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። የወለዱት ሁለት ወንዶች ነው። ታላቁ ዓለምነህ ለሚሊሺያ ተመልምሎ ወደ ሰሜን ዘመተና በዚያው ቀረ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መጥቶ ሞቷል አላቸው እንጂ የት እንደወደቀ፣ አፈር ያለበሰው ይኑር አይኑር የነገራቸው የለም። ልብሱን ዘርግተው ነው ያለቀሱት። ከሲሳይ ጋር ሄጄ አንድ ቀን እቤታቸው አድሬ ነበር፤ "አፈሩን እንኳ ባየሁ ይሻለኝ ነበር" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እንግዲህ ያን ሰምቼ ሲሳይን አባቱ ሳይደርሱ ላስቀብር ነው? የእድራችን ዳኛ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው አለ። አባቱ ሳይመጡ አይሆንም አልኩ። የተስቦ አስከሬን አያድርም ተብለናል አለ። ተጯጯህን። በኋላ እሱም አባት ነውና፣ ሄደህ አምጣቸው፣ ከዘጠኝ ግን አላሳልፍም አለኝ። ከዚያ ክንዴን ያዘና አስጠነቀቀኝ። አሞታል ብቻ በል፣ ሌላ ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ። ከተማ መግቢያ ላይ ሽማግሌዎች ይጠብቋችኋል፤ ቤት አስገብተው እነሱ ያረዷቸዋል።

በእኛ አገር መርዶ ለአንድ ሰው ብቻውን በመንገድ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ቤት ተገብቶ፣ ሰውየውን ግራና ቀኝ ደግፈው ይዘው ነው የሚነግሩት። ይህን ማንም ያውቃል።

በሩጫ ሁሴን ሱቅ ሄድኩ። ነገርኩት። ሲሳይን ይወደው ነበር፤ የያዘውን መፍቻ አስቀምጦ መሬት መሬቱን አየ። እኔ ኮርሳዋን አወጣሁ። ጥርጊያው መንገድ ላይ ጎማዋ አይችልም አለኝ። ይቻላል አልኩ። በእሷ ከሄድኩ ጠዳ ስደርስ ፀሐይ ገና ነው። እምቢ ብዬ መሪዋን እንደያዝኩ ቆምኩ።

"አንተንስ ታደርስሃለች" አለ ሁሴን። "ሰውየውን በምን ልታመጣቸው ነው? በጀርባህ?"

እኔ መሄዱን እንጂ መመለሱን አላሰብኩትም ነበር። ሁሴን አህያዋን አወጣ፤ ጎማዋን ነፋ፤ መጫኛው ላይ ጆንያ አጥፎ አሰረበት። ስለ ኪራይ ልናገር ብል በእጁ ከለከለኝ።

እስከ አዘዞ ቁልቁለት ነው፤ አህያዋም ብትሆን ወረደች። ከአዘዞ በኋላ አቧራና ጠጠር ነው። ኮርሳዋን ይዤ ቢሆን ጎማ ፈንድቶ እዚያው እቀር ነበር። ሁሴን እውነቱን ነው። እንደዚያ ቀን ነድቼ አላውቅም።

አያ ተገኘን በረት ሲጠርጉ አገኘኋቸው። በሩ ላይ ቆሜ፣ ሲሳይን ትንሽ አሞታል፣ ቢያዩት ደስ ይለዋል አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። ጥቂት ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ "ሸጋ፤ እንሄዳለና" ብለው ወደ ቤት ገቡ።

መከራዬ ያኔ ጀመረ። እግራቸውን ታጠቡ። የክት ጋቢያቸውን ከሳጥን አወጡ። ለታመመ ሰው መረቅ ያስፈልጋል ብለው ዶሮ ማባረር ያዙ። ዶሮዋ አጥር ስር ትገባለች፤ እሳቸው ይጎነበሳሉ፤ እኔ ፀሐይዋን እያየሁ እቁነጠነጣለሁ። ቶሎ ይበሉ እንዳልል ትንሽ አሞታል ብያለሁ። ለትንሽ ሕመም ማን ይቸኩላል? ቶሎ ይበሉ ማለት ሞቷል ማለት ነው።

እስከ መንገዱ በእግር ሄድን። አህያዋ ላይ ስጭናቸው በሽማግሌነቴ ብረት ልጋልብ ነው ብለው ሳቁ። በአንድ እጃቸው ዶሮዋን፣ በሌላው ወገቤን ያዙ። ከዚያ ወሬ ጀመሩ። ሲሳይ ሕፃን ሳለ ተስቦ ይዞት እንደነበረ፣ እንደዳነ። ሲሻለው ይዘውት እንደሚሄዱ፤ ከተማ ምን ያደርግለታል። ጎረቤት ያለች ልጅ እንደታሰበችለት። እኔ እህ እህ እላለሁ። ከፊት መሆኔ በጀኝ፤ ፊቴን አያዩትም።

አዘዞ ኬላ ላይ ወታደር አስቆመን። ወዴት ነው አለ። ልጄን አሞት ልጠይቅ ነው አሉ አያ ተገኘ። ወታደሩ ልጅ እግር ነው፤ መታወቂያ እንኳ ሳይጠይቅ እግዜር ይማርልዎ አባቴ ብሎ ገመዱን ዝቅ አደረገልን። አሜን አሉ። እኔ አሜን ማለት አቃተኝ።

ከአዘዞ ወደ ጎንደር ዳገት ነው። ልውረድልህ ልጄ አሉኝ። አይውረዱ አልኩ። ጥቂት ሄደን ደግመው ጠየቁኝ፤ አሁንም እምቢ አልኩ። ቢወርዱ ጎን ለጎን ልንሄድ ነው፤ ጎን ለጎን ከሄድን ፊቴን ሊያዩ ነው። ሁለት ሰው የጫነች አህያዋን ዳገት ማስወጣት ጆንያ እንደመሸከም አይደለም፤ ሳንባዬ ሊወጣ ደረሰ። ለካ ፊቴን ብደብቅ ጀርባዬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወሬያቸው እየቀነሰ መጣ፤ ቆመ። ወገቤን የያዘው እጃቸው ጠበቅ አለ።

"ምነው ልጄ" አሉ ቀስ ብለው፤ "የታመመ ሰው ሊጠይቅ የሚሄድ እንዲህ አይነዳም።"

እግሬ ፔዳሉ ላይ ቆመ። ብስክሌቷ ዘንበል ስትል እሳቸው ወረዱ። እኔ ወደ ገደሉ ዞሬ ቀረሁ።

"ደጄ ላይ ስትቆም ነው የጠረጠርኩት" አሉ። "መንገዱ እስኪያልቅ ድረስ ታሞ ይቆይልኝ ብዬ ነው።"

ከአሁን አሁን ወደቁ እያልኩ እጄን ዘረጋሁ። አልወደቁም። ጋቢያቸውን አስተካከሉና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ቀብራችሁታል?"

"አልቀበርነውም። እርስዎን እየጠበቅን ነው።"

"እንግዲያስ ንዳ።"

እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት ነበረች። ዶሮዋን ሰጧት። ሴትዮዋ ነገሩን የት አውቃ፤ ልጆችዎን ያኑርልዎ ብላ መረቀቻቸው። አሜን ብለው ወደ መጫኛው ተመለሱ። የቀረውን ዳገት እንዴት እንደወጣነው አላውቅም።

ከተማ መግቢያ ላይ የቆሙት ሽማግሌዎች እንደ ደንቡ ሰላምታ አብዝተው ወደ ቤት ሊያስገቧቸው ሲሉ፣ አውቄያለሁ፣ አትድከሙ፣ ልጄ ወዳለበት ውሰዱኝ አሏቸው። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። ጊዜ ስላልነበረ መንገዱን ለቀቁልን።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። የእድሩ ዳኛ ግን ቃሉን አጥፎ አቆይቶታል። ሁሴን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሟል፤ ብስክሌቷን ከእጄ ተቀበለኝ። ቃሬዛውን አወረዱላቸው። ፊቱን ገልጠው አዩት። እስከዚያ የያዙት እንባ ያኔ ወጣ፤ ሲያለቅሱ ሁለቱንም ልጆቻቸውን እየጠሩ ነው፤ መጀመሪያ ዓለምነህን፣ ቀጥሎ ሲሳይን። አፈሩን በአካፋ አላስነኩም፤ የመጀመሪያውን በእጃቸው አለበሱት። ሰው ሊያነሳቸው ቢል ዳኛው ተዋቸው አለ።

በኋላ ሽማግሌዎቹ ተቆጡኝ። መርዶ በዳገት ላይ፣ ደጋፊ በሌለበት፣ ልባቸው ቀጥ ብሎ ቢቀር ምን ልትሆን ነበር አሉኝ። አልነገርኳቸውም አልኩ። ጀርባህ ነግሯቸዋል አሉ። ለጀርባዬ አልቀጣም ብዬ ተጣላሁ። እስከ ዛሬም ሰው ቢያነሳብኝ አልረታም።

አያ ተገኘ ደርግ ከወደቀ በኋላም ኖሩ። ጤፍ ሲደርስ እየሄድኩ አጭድላቸው ነበር። አንድ ቀን በማለዳ ከደጄ ላይ ሳል ሰማሁ። ስከፍት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ የጠዳ ሰዎች ናቸው። ያኔ የልጆች አባት ነኝ፤ ማወቁን አውቄያለሁ። ቢሆንም አስቀመጡኝ፤ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ተቀመጡና ክንዴን ያዙ። አያ ተገኘ ልጅ ስላልቀራቸው የሞታቸውን መርዶ ለእኔ አመጡት።

አሁን እኔም ሸምግያለሁ። ከሲሳይ ጋር ፎቶግራፍ ተነስተን አናውቅም፤ መልኩ እየጠፋኝ ነው። ያሳዝነኛል። ሁሴንም አልፏል፤ ሱቁ ዛሬ ሌላ ነገር ይሸጥበታል። በአዘዞ መንገድ በታክሲ ባለፍኩ ቁጥር ዳገቱ ላይ ያ የአያ ተገኘ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ሳይሰማኝ በሆዴ አልቀበርነውም እላለሁ። ያን ቀን እንዲያ ብዬ መመለስ ባልችል ኖሮ እንዴት እኖር እንደነበር አላውቅም።