ለአራት ትልም የፈረሰው የጥንት መንደር

ቢቸና ዙሪያ ቀለሙን «ገራገሩ» ብሎ የማይጠራው የለም። በሬው ቢወጋው እንኳ በሬውን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው ይሉታል። ታዲያ አንድ ክረምት ጎረቤቱ የኔሰው የድንበሩን ድንጋይ ወደ ቀለሙ ማሳ ገፋና አራት ትልም የጤፍ መሬት ዋጠ። ቀለሙ ከሰሰ፤ ምስክር አልነበረውምና ተረታ። ከዚያ ወዲህ ገራገሩ ሰው የሚተኛው ጥርሱን እያፋጨ ነው፤ ሚስቱ ወፍጮ ቤት ያደረች ይመስላታል።

በሚሊኒየሙ ዓመት አንድ የባህል ማኅበር ከከተማው ወጣ ብሎ የጥንት መንደር አሠራ። የሣር ጎጆው፣ አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ የዛፍ ሥር ችሎቱ፣ ሁሉም ተሟላ። የቀረው ቁራኛ ብቻ ነበር። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ አንድ ላይ ይታሰሩ ነበርና፣ የማኅበሩ ባለሙያ «ተፈጥሯዊ ኩርፊያ ያላቸው ሁለት ሰዎች» ሲል አፈላለገ። ጠቋሚው ማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው፣ ቀለሙንና የኔሰውን አመጡለት። የቀለሙ ግራ እጅ ከየኔሰው ቀኝ እጅ ጋር በአንጥረኛው ሰንሰለት ተጠፈረ።

እኛ ከሞጣ በሁለት አውቶብስ ለጉብኝት የደረስነው በዚያው ቀን ነው። ዳኛ ሆነው የተሰየሙት የቅኔ መምህሩ የኔታ ሣህለ ማርያም ናቸው። እንደ ድርሰቱ ከሆነ ቀለሙ ስለ ጠፋች በቅሎ ይከሳል፣ የኔሰው ይክዳል፣ እኛ አጨብጭበን ጠላችንን ጠጥተን እንሄዳለን።

«በላ ልበልሃ!» አለ ቀለሙ። «በቅሎዬን...» ብሎ ቆመ። የአንገቱ ሥር ተገተረ። «በቅሎዋን ጅብ ይብላት! አራት ትልሜን መልስ!»

«ይኼን ሰው ጠበል ውሰዱት» አለ የኔሰው ወደ እኛ ዞሮ እየሳቀበት። «በሕልሙም የሚያርሰው የኔን መሬት ነው።»

ቀለሙ በቡጢ አፉን አለው። ድምፁ አምበር ከተማ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ሁለት ጥርስ ከየኔታ እግር ሥር ወደቀ። የኔሰው ሊሸሽ ቢዘል ሰንሰለቱ ጎትቶ መለሰው፤ ሲመለስም በግንባሩ የቀለሙን አፍንጫ አገኘው። ደም እንደ ክረምት ፈሳሽ ወረደ። እኛ «አቤት ትወና!» እያልን አጨበጨብን።

«ክቡራን ጎብኝዎች፣ ይኼ በፕሮግራሙ ውስጥ የለም!» አለ ባለሙያው በድምፅ ማጉያው። ጭብጨባው ባሰ።

የኔሰው ከችሎቱ ዘበኛ እጅ ሽመል ነጥቆ አወረደው። የቀለሙ ቀኝ ክንድ እንደ ደረቅ አገዳ ቋ አለ። ክንድ ያጣው ቀለሙ በጥርሱ የየኔሰውን ጆሮ ያዘ። ተያይዘው ሲንከባለሉ የጎጆው ምሰሶ ተነቀለ፤ ስድስት መቶ ዓመት የኖረ ተብሎ የተዋወቀው ጎጆ በስድስተኛ ሳምንቱ ተደረመሰ። ከሣሩ ሥር ወጥተው ሸክላ ሠሪዋ ይርጋነሽ ላይ ወደቁ። ገንቦዋ፣ ጋኗ፣ ድስቷ ደቀቀ።

«እናንተ ጅቦች! የሦስት ወር ላቤን!» ብላ እያለቀሰች በተረፈው የጋን አንገት የሁለቱንም ራስ ተረተረች። ጭብጨባው የቆመው የእሷ ልቅሶ እውነተኛ ሲሆንብን ነው።

ቀለሙ ግን ጆሮውን አልለቀቀም። «ድንበሬን!» ይላል በተነከሰው ጆሮ መሐል።

«ድንጋዩን ስገፋ አይተኸኛል?» ብሎ ጮኸ የኔሰው፣ ሕመሙ ልቡናውን አስቶት። «አላየኸኝም! ብታየኝ እዚያው በመጥረቢያ እፈልጥህ ነበር!»

ቀለሙ ጆሮውን ለቀቀ። «የኔታ፣ ሰሙልኝ?»

«እኔ የበቅሎ ዳኛ ነኝ፣ ልጄ» አሉ የኔታ ተነሥተው። «አንተ ግን ዛሬ ሁለት አውቶብስ ሙሉ ምስክር አለህ። ተነሡ፣ ድንበሩን እንይ።»

አንጥረኛው ጠቡን ፈርቶ መዶሻውን ይዞ ስለ ጠፋ ሁለቱ እንደ ታሰሩ ሄዱ። ይርጋነሽ እየተሳደበች የቀለሙን ክንድ በእንጨትና በነጠላዋ ጠፈረችለት። ማሳው ላይ ስንደርስ ቀለሙ ወደ ድንጋዩ አጎነበሰ፤ ክንዱ እምቢ አለ።

«የገፋኸው አንተ፣ የምትመልሰው አንተ» አሉት የኔታ የኔሰውን።

የኔሰው ድንጋዩን አቀፈ። የጆሮው ደም ድንጋዩ ላይ ይንጠባጠባል፤ ቀለሙ በሰንሰለቱ እየተጎተተ በእግሩ ትልም ይቆጥራል። ሦስተኛው ላይ የኔሰው ድንጋዩን ጣለው።

«ወገቤ ተቆረጠ፣ ቀለሙ፣ ይብቃህ።»

«አንድ ይቀራል» አለ ቀለሙ፣ ቦታውን በእግሩ አውራ ጣት እያሳየ።

የኔሰው እያቃሰተ እንደገና አቀፈው።